መንታ ፍየል፣ መንታ ድስት

ሞያሌ ላይ ነፋስ ሲነሣ በኬንያው በኩል ከራስህ የወደቀ ኮፍያ ኢትዮጵያ ገብቶ ያድራል፤ ቪዛ የሚጠይቀው የለም። ጋሼ ፈቃደ ግን ከኢትዮጵያው በኩል ወደ ኬንያው በኩል የምታሻግረውን መንገድ፣ ሰው ጥርሱን እየፋቀ የሚጨርሳትን ያቺን አጭር መንገድ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልረገጧትም።

ምክንያቱ ሚሚ ናት። ሚሚ የወንድማቸው ልጅ ነች፤ አባትና እናቷ ሲያልፉ እሷንም ታናሽ ወንድሟን መክብብንም እጃቸው ላይ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ታዲያ የጭነት መኪና ሾፌሩን አዳንን አገባች፤ ሃይማኖቱንም ተቀብላ እዚሁ ኬንያው በኩል ጎጆ ወጣች። ከዚያች ቀን ወዲህ ስሟ ከጋሼ ፈቃደ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ግድ ሲሆንባቸው "ያቺ ልጅ" ይላሉ፤ ሲብስባቸው "የሾፌሩ ሚስት"። አንድ ቀን ገበያ መሀል አንዲት ሴት ልጇን "ሚሚ!" ብላ ስትጣራ ሰምተው ሦስት ቀን ተኝተዋል የሚሉ አሉ። ሁለት ቀን ነው የሚሉም አሉ። እንደ ተናጋሪው ነው።

አሁን ደግሞ አዳን ኢሲዮሎ ሥራ አግኝቶ ቤተሰቡን ጠቅልሎ ሊሄድ ነው፤ ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው ረቡዕ።

"እንዲህ እንደተኳረፍን ከሄድኩ በቃ፣ አለቀ መክቤ" አለችው ሚሚ ለወንድሟ። "እሳቸው ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም። ስሜን አንዴ ጠርተውኝ ልሂድ።"

መክብብ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሚስት የለውም፤ ኬንያው በኩል ቤትና ቁርስ ቤት አለው። ፉልና ቻፓቲ ለሾፌር መሸጥ ያውቅበታል፤ ዓመት በዓል ደግሶ ግን አያውቅም። በዓል ሲመጣ የዘመድ ሁሉ እግር ወደ ጋሼ ፈቃደ ቤት ነበር። ድግሱን የሚያበስሉት ባለቤታቸው እትዬ ወርቅአየሁ ነበሩ፤ እሳቸው አምና ካረፉ ወዲህ ግን ያ ቤት ጭስ የለውም። ባለፈው ገና ጋሼ ብቻቸውን በሶ በጥብጠው ጠጥተው ተኙ። መክብብ ይህን ሲሰማ አንዲት ሐሳብ ብልጭ አለችለት፤ ብልጭ እንዳለችም ራሱን ግራ አጋባችው። ሁለቱንም ወገን እቤቴ ጠርቼ ፋሲካን ባበላስ?

ጋሼ ፈቃደን ሊለምን ሄደ።

"አንተ?" አሉት። "አንተ ደግሰህ?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"ያቺ ልጅ ትመጣለች?"

"ትመጣለች።"

ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ከዚያ "ሥጋው በስመ አብ ተብሎ የታረደ ይሁን" አሉ። "ድስቱ ለብቻ። እነሱም በየራሳቸው። እኔ ሁዳዴን አምሳ አምስት ቀን ጾሜ፣ በመጨረሻው ሰዓት በአንተ ግርግር አልሳሳትም።"

የአዳን እናት፣ ሰፈሩ ሁሉ አኮ ካልቱማ፣ አያት ካልቱማ ለማለት፣ የሚላቸው ሴትዮ፣ ሲጠየቁ የመለሱት ያንኑ ነው። "የኛ ለብቻ። ድስት ለብቻ፣ ጭልፋ ለብቻ። እኔ ሐጅ ያደረግሁ ሴት ነኝ፣ መክብብ። ሰማኽ?"

ይቺ ከተማ እንዲህ ናት። ክርስቲያኑ የሙስሊሙን ሰርግ ያጅባል፤ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን ለቅሶ ይቀመጣል፤ ልጆቻቸው በአንድ ኳስ የአንድ ሰው መስኮት ይሰብራሉ። ሥጋ ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ወደየወገኑ ነው። "በስመ አብ" የተባለበትን እነዚያ አይቀምሱትም፤ "ቢስሚላሂ" የተባለበትን እነዚህ አይነኩትም። ጠብም የለበት፣ ቂምም የለበት። የሥጋ ነገር እንደ ጥርስ መፋቂያ ነው፤ ጎረቤትህን የቱን ያህል ብትወደው አትዋሰውም።

ስለዚህ ሁለት ፍየል፣ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ድስት። እዚህ ድረስ ነገሩ ቀና ነበር። ነገሩን ያጣመመው መክብብን የያዘው ፍርሃት ነው፤ አዳላህ መባል። "የነሱ ቅቤ በዛ፣ የኛ አጥንት ብቻ ሆነ" ተብሎ ስንት ሰርግ ፈርሷል። አንድ ብርጭቆ ጠላ ጎደለብኝ ያለ አማች የወንድሙን ልጅ ሠላሳ ዓመት አላናገረም ሲባል ሰምቷል። እና መክብብ ማለ። በእኔ ቤት ከጸጉር የቀጠነች ልዩነት አትገኝም አለ።

ከጎዶማ ፍየል የሚያመጣው ጉዮ የሚባል ነጋዴ አለ። "ሁለት እኩል ፍየል አምጣልኝ" አለው። ጉዮ ደግሞ እኩል ሲሉት ቀልድ አያውቅም፤ ከአንዲት እናት በአንድ ሰዓት የተወለዱ መንታ ጥቋቁር ፍየሎች ነድቶ መጣ። "እነዚህን እናታቸው ራሷ አትለያቸውም" አለ በኩራት። "አንደኛዋን ሁለት ጊዜ እያጠባች ሌላዋን በረሃብ ልትገድላት ነበር፤ እኔ ነኝ በጡጦ ያተረፍኳት። የትኛዋን እንዳተረፍኩ ግን እኔም አላውቅም።"

መክብብ ደስታው ወሰን አጣ። ከቁርስ ቤቱ ሁለቱን ትልልቅ ድስቶች፣ አብሳዩ ሉሲ ሱፉሪያ የምትላቸውን፣ አመጣ፤ በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ የተገዙ ናቸው። ሽንኩርቱን ሠላሳ ለዚህ፣ ሠላሳ ለዚያ አደረገ። በርበሬውን መዘነ። ቅቤውን መዘነ። ኮረሪማውን ሳይቀር በፍሬ ቆጠረ። ጎህ ሲቀድ አሰግድ የሚባለው የክርስቲያን አራጅ አንደኛዋን በስመ አብ ብሎ አረደ፤ አዳን ሌላዋን ቢስሚላሂ ብሎ አረደ፤ ሁለቱም እጃቸውን ታጥበው "መልካም በዓል" ተባብለው ተለያዩ። ሉሲ ሁለቱን ድስት በሁለት የከሰል ምድጃ ላይ ጣደች። ሦስት ሰዓት ላይ በዓለም ላይ ከእነዚህ ሁለት ወጦች በላይ የሚመሳሰል ነገር ቢኖር የመክብብ ሁለት ጆሮዎች ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ግራው ትንሽ ይተልቃል።

አንዲት ምልክት ግን አደረገ። ከአሮጌ ቀይ የጠረጴዛ ልብስ አንድ ቁራጭ ቀድዶ በስመ አብ የተባለበት ድስት እጀታ ላይ አሰረ። ቀይ ያለው የጋሼ፣ የሌለው የአኮ። ሕፃን እንኳ አይስተውም። ከዚያ ወንበር ሊዋስ ወደ እድሩ ሄደ፤ በአንድ ቦዳ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ አሥራ አራት የፕላስቲክ ወንበር ጭኖ፣ እሱ አሥራ አምስተኛው ሆኖ፣ አምስት ሰዓት ላይ ተመለሰ።

ጓሮ ሲገባ ሁለቱ ድስቶች ጎን ለጎን ይንተከተካሉ። ሽታቸው ከቦሪ መንደር ድረስ ሰው ይጠራል። አንዳቸውም ላይ ግን ቀይ ጨርቅ የለም።

"ሉሲ!" አለ። "ጨርቁስ?"

ሉሲ ኬንያዊት፣ የሜሩ ሴት ናት። አማርኛዋን የተማረችው ከወጥ ቤት ስለሆነ አፏ ላይ ሁሉም ነገር ትእዛዝ ነው። "የቱን ጨርቅ? ተናገር ቦስ።"

"የምን የቱ! ያሰርኩት አንድ ጨርቅ ነው!"

"አንድ አትበል። ሁለት ነው።" በጭልፋዋ ወደ ልብስ ገመዱ ጠቆመች። ሁለት ቀይ ጨርቅ፣ ርዝመታቸው እኩል፣ ታጥበው ተሰቅለው ነፋሱ ያወዛውዛቸዋል። "ይህ ድስት ጨርቅ፣ ያ ድስት ጨርቅ። እሳት እዚህ፣ ጨርቅ እዚህ። ቤት ልታቃጥል ነው እንዴ? ፈታሁ። ቆሻሻ ነበር፣ አጠብኩ። አመስግን።"

መክብብ ገመዱን አየ። ድስቶቹን አየ። እንደገና ገመዱን አየ። አንድ አስሮ ሁለት እንዴት ይወልዳል? ፍየሎቹ መንታ ቢሆኑ ጨርቁም ይወርሳል እንዴ?

አኮ ካልቱማ ቀድመው መጥተው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል፤ ቤታቸው ሦስት በር አልፎ ነው። ወደሳቸው ሄደና በደረቀ አፍ ፈገግ አለ። "አኮ፣ ጠዋት ወደ ጓሮ ብቅ ብለው ነበር እንዴ?"

"ነበርኩ። ወተት አምጥቼ፣ የኛን ድስት ላይ ብዬ።" አኮ ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። "አየሁ። የአጎትኽ ድስት አጊጧል፣ ቀይ አስሯል፤ የኛ ራቁቱን ቆሟል። ምነው፣ እኛ የሰው ልጅ አይደለን? ጨርቁ እዛው ወድቋል፤ ቀደድኩ፣ እኔም አሰርኩ። እኩል ይሁን ብዬ ነው።"

"እኩል" አለ መክብብ።

"እኩል! አንተ ራስኽ እኩል ትል የለም?"

እጃቸውን ስሞ ወደ ጓሮ ሮጠ።

"ሉሲ፣ ስሚኝ። ቦታቸውስ? ጠዋት በግራ በኩል የጣድሽው የጋሼ ነው። አሁን በግራ ያለው እሱ ነው?"

ሉሲ አሰበች። "ግራ ከሰል አለቀ። ቀየርኩ። ነፋስ መጣ። ደግሞ ቀየርኩ።"

"እንግዲያው ሁለት ጊዜ ነው። ሁለት ጊዜ ከሆነ በየቦታቸው ናቸው!" እፎይ ሊል አፉን ከፈተ።

"ሽንኩርት ሲያርር ደግሞ ቀየርኩ። ወይስ እሱ ያው አንዱ ነው?"

"ሦስት ጊዜ ከሆነ ተለዋውጠዋል። ሁለት ነው ሦስት?"

"አዎ" አለች ሉሲ።

መክብብ ጭንቅላቱን ያዘ። ስልኩን አውጥቶ አሰግድ ጋ ደወለ። አሰግድ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድሮ፣ ጎህ ሲቀድ አርዶ፣ አሁን ገና ጋደም ማለቱ ነበር። "እኔ አርጄ ሄድኩ" አለ በእንቅልፍ ድምፅ። "ፍየሏ ከእኔ በኋላ የት እንደዋለች እኔ በምን ላውቅ?" ዘጋው።

በዚህ መሀል ጉዮ ሽታው ስቦት በጓሮ በር ብቅ አለ። ጉዮ የጋሼም ወገን አይደለም፣ የአኮም ወገን አይደለም፤ የፍየሎቹ ወገን ነው። መክብብ ክንዱን ይዞ ወደ ድስቶቹ ጎተተው።

"ጉዮ፣ የሞት የሽረት ነው። እነዚህን ፍየሎች ታውቃቸዋለህ?"

"የኔን ፍየል? በአጥንቷ አውቃታለሁ! አንድ ጊዜ ኦቦ የሚባል መንደር ላይ አንድ ሌባ ፍየሌን ሰርቆ፣ አርዶ፣ ጠብሶ፣ በልቶ ጨረሳት። እኔ ሲያገሳ በሽታው ለየሁት።"

"እንግዲህ ለይልኝ። እዚህ ድስት ውስጥ ያለችውን ማን አረዳት፣ አሰግድ ነው አዳን?"

ጉዮ ክዳኑን አነሣ። ጎንበስ አለ። ሬሳ እንዲለይ የተጠራ ዘመድ ይመስል ኮፍያውን ከራሱ አወለቀ። አንድ ሳንባ፣ አንድ የጎን አጥንት በማንኪያ እያገላበጠ ብዙ አየ።

"ይቺ" አለ በመጨረሻ።

"እ?"

"ይቺ እናቷን ትመስላለች።"

"ያቺስ?"

ሁለተኛውን ክዳን አነሣ። "ያቺም።"

ሉሲ ከሁለቱም ቀመሰች፤ የእሷ ፋሲካ እንደ ፈረንጆቹ ባለፈው እሑድ አልፏል፣ ከየትኛውም ብትበላ ከልካይ የላት። "ሁለቱም ጥሩ" አለች። "ያኛው ጨው ጨምር።"

"ጨው እኩል ነው የጨመርኩት!"

"ምላስ ግን አንድ ነው፤ ይደክማል።"

ጉዮ መክብብን ወደ ጥግ ወሰደው። "ስማኝ ወንድሜ። አንዱን ወደዚህ፣ አንዱን ወደዚያ፣ ዝም ብለህ አቅርብ። ከሁለት አንዱ ትክክል ነው። ተቀቅላ የመሰከረች ፍየል እስከ ዛሬ አላየሁም፤ እኔ ደግሞ ያላየሁት የፍየል ነገር የለም።"

ምክሩ መጥፎ አልነበረም፤ ችግሩ እሱ ነው። መክብብ እያሰላሰለ ሳለ የፊት በር ተንኳኳ።

ጋሼ ፈቃደ ናቸው። ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ የድንበሩን አቧራ እስከ ጉልበታቸው ታጥቀው ቆመዋል። ከመክሳታቸው ብዛት ነፋሱ ሁለት ጊዜ ወደ አገራቸው ሊመልሳቸው ሞክሮ በከዘራው ነው የተረፉት። በሩን የከፈተችላቸው ከባሏ ጋር ቀድማ የደረሰችው ሚሚ ነበረች። ሻሿን አስተካክላ ጎንበስ አለች፤ ጉልበታቸውን ልትስም።

"እንኳን አደረሳችሁ" አሉ ጋሼ፣ ለግድግዳው። ግድግዳው አልመለሰም። አለፏት።

ሚሚ እንዳጎነበሰች ትንሽ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ ምንም እንዳልሆነ ሰው ወደ በረንዳው ሄደች። መክብብ ከማጀት በር ሆኖ ይህን ሁሉ አየ፤ ልቡ የቱ ጋ እንዳለ እሱንም ጠፋው።

አቀማመጡ እንዲህ ነበር። ሳሎን ውስጥ ጋሼ ፈቃደና ከእሳቸው ጋር የመጡ ሁለት ሦስት ዘመዶች። በረንዳው ላይ አኮ ካልቱማ፣ አዳንና ሚሚ። መሀል ላይ መጋረጃ። አንዱ ወገን የሌላውን ድምፅ ይሰማል እንጂ ፊቱን አያይም። መክብብ ጓሮ ተመልሶ ሁለቱ ድስቶች መሀል ቆመ። ዓይኑን ጨፈነ። ዞረ፣ ዞረ፣ ዓይኑን ሲገልጥ አፍንጫው ከከሰል ጆንያው ጋር ገጥሟል። ይህም ምልክት ነው ብሎ ግራውን ለጋሼ፣ ቀኙን ለአኮ ቀዳ። ምልክቱ የምን እንደሆነ ግን አልገባውም።

ሁለት ትሪ ተሸክሞ ገባ። አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ አኖረ። ራሱ መጋረጃው ሥር ቆመ፤ ግማሹ ሳሎን፣ ግማሹ በረንዳ።

ጋሼ ጸሎታቸውን አደረሱ። እንጀራውን ቆረሱ። "ይገርምሃል መክብብ" አሉ፣ ድምፃቸው ከመጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለስለስ ብሎ። "ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ ተልባ ብቻ ነው የቀመስኩት። ጎረቤት ዶሮ ይዞ መጣ፤ አይ አልኩ። የልጄ ፍየል አለች፣ አምሳ አምስት ቀን የጠበቅኩትን ሆድ በእሷ ነው የምፈታው አልኩ።" ጉርሻውን ጠቀለሉ።

ከመጋረጃው ወዲያ ደግሞ የሚሚ ድምፅ ይሰማል። "ብሉ አኮ፣ ምን ይጠብቃሉ? ወንድሜ ራሱ ነው ከላዩ የዋለው። እኔ በእሱ እምላለሁ።"

የጋሼ እጅ ከፍ አለ። ከመጋረጃው ወዲያ የአኮ እጅ ከፍ አለ። መክብብ በቀኝ ዓይኑ አንዱን፣ በግራ ዓይኑ ሌላውን አየ፤ እንዲህ ያለ አስተያየት አይቶ አያውቅም፣ ዓይኖቹ እስከ ማታ አልተመለሱለትም።

"አይብሉ!" ብሎ ጮኸ። "ማንም እንዳይጎርስ!"

ድምፁን ማዶ ያለ አህያ ሰምቶ መለሰ።

የጋሼ ጉርሻ ከአፋቸው አንድ ጣት ርቀት ላይ ቆመ። "ምን ገባበት? እባብ?"

"አላውቅም!"

"ምኑን ነው የማታውቀው?"

"የቱ የማን እንደሆነ አላውቅም። ተቀላቅሎብኛል። ድስቶቹ... የእርስዎ የአኮ ሊሆን ይችላል፣ የአኮ የእርስዎ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ጨርቅ አስሬ ነበር፣ አኮም አሰሩ፣ ሉሲ ፈታች፣ ሁለት ጊዜ ወይ ሦስት ጊዜ... ይቅር በሉኝ።"

ጋሼ ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሱ፤ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ አድርገው መለሱት። ጣታቸውን ጠረጉ። ከዚያ ፈነዱ።

"ምን ማለት ነው አላውቅም? ወጥ ነው እኮ! የጠፋ ከብት ነው እንዴ?"

"ከብትስ ቢጠፋ ዱካ አለው!" አሉ አኮ ካልቱማ ከወዲያ። "ይኼ ዱካውን አጥቦ ገመድ ላይ ሰቀለው!"

"እውነትዎን ነው!" አሉ ጋሼ ለመጋረጃው።

"ታዲያስ! ልጅ ነው ይኼ? እኩል፣ እኩል፣ እኩል! ጠዋት ሙሉ ጆሮዬን በላኝ።"

"እኔንም ሦስት ሳምንት! ኮረሪማ በፍሬ ይቆጥራል ሲሉኝ እኮ ደግ ነገር መስሎኝ ነበር!"

"ሁለት ልጅ አለኝ፤ እኩል እወዳለሁ፤ ስም ግን ለየብቻ አወጣሁ!" አኮ በመጋረጃ መነጋገሩ አልጣማቸውም፤ የሚሰድቡትን ሰው ፊት ማየት ፈለጉና ጨርቁን በአንድ እጃቸው ጎትተው አወረዱት። ሸምበቆው ጭምር ወረደ። አሁን ሳሎንና በረንዳ አንድ ሆነ፤ ሁለቱ አዛውንቶች ዘጠኝ ዓመት ሳይተያዩ ከርመው መክብብን መሀል አድርገው ፊት ለፊት ተገናኙ።

"አንቱ፣ እንዴት ነው ያሳደጉት?" አሉ አኮ።

"እኔ ነኝ ያሳደግሁት? ራሱ ነው እንዲህ ሆኖ የመጣው! ልንገርዎት? በሰባት ዓመቱ ነው፤ ለኩራዝ ጋዝ እንዲገዛ ላክነው። ሄደ። አንድ ሙሉ ጠርሙስ ይዞ መጣ፣ ይዞት የመጣው ግን..." ጋሼ ጣታቸውን አየር ላይ አቁመው ቀሩ። ነገሩ ጠፋባቸው። ግንባራቸውን አሹ። የሚያስታውሱላቸው እትዬ ወርቅአየሁ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ የሉም። ጋሼ በንዴት እንደተንቀለቀሉ ዞር አሉ። "ሚሚ! ምን ነበር ያመጣው ያን ጊዜ?"

"ኮምጣጤ" አለች ሚሚ።

ከዚያ ነው ስሟ መጠራቱን ሁሉም የሰማው።

ሉሲ በማጀት በር ላይ ጭልፋ እንደያዘች ቆመች። ጉዮ የሚያኝከውን አቆመ። አዳን ዓይኑን ወደ እግሩ ጣለ። ጋሼ ፈቃደም ራሳቸው ሰሙት፤ ጆሯቸው ከጫፉ ጀምሮ ቀላ፣ የከዘራቸውን ጫፍ መሬት ላይ ሁለት ጊዜ መቱ፣ ወደ በር አዩ፣ ወደ ጣሪያ አዩ። የወጣ ቃል እንደ ወጣ ፍየል በጭራው ይዘው አይመልሱት።

"አዎ፣ ኮምጣጤ" አሉ፣ ከበፊቱ የበለጠ እየጮሁ። "ኮምጣጤ! ኩራዙ ውስጥ ጨመርነው! ቤቱ ሳምንት ሙሉ ሰላጣ ሰላጣ ሸተተ!"

"ስምንት ቀን ነው ጋሼ" አለች ሚሚ። "እትዬ ደግሞ ክብሪት ሦስት ፓኮ ጨረሱበት።"

"ሦስት ነው?"

"ሦስት። እርስዎ 'ክሩ ነው የረጠበው' እያሉ።"

"እኔ ነኝ እንዲያ ያልኩት?"

"እርስዎ ነዎት።"

አኮ ካልቱማ ጭናቸውን መተው ሳቁ። ያን ጊዜ ጋሼም አፋቸው ዳር ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ይሁን ረሃብ አልለየም።

ረሃብም አለ እንግዲህ። ሁለት ድስት ሙሉ ወጥ ተቀምጦ ከቤቱ ውስጥ ከሁለቱም ወገን አንድ ሰው እጁን ሊሰድበት አይችልም፤ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፣ በሃይማኖት ደግሞ ግማሽ የሚባል ነገር የለም። መክብብ አንገቱን ደፍቶ እንደቆመ ነው። ሂድ አይሉት፣ ና አይሉት።

"እንቁላል የለህም?" አሉት ጋሼ።

"አለኝ። የነገ ቁርስ ነው፣ ሁለት ትሪ።"

"እንቁላልን ማን አረደው ብሎ የሚጠይቅ አለ?" ወደ አኮ ዞሩ።

"የለም" አሉ አኮ ካልቱማ አስበው። "ዶሮዋ ራሷ ናት የሰጠችው።"

ሉሲ ስልሳ እንቁላል ቀቀለች። ቁርስ ቤቱ ስላለ ዳቦ አልጠፋም፣ አኮ ጠዋት ያመጡት ወተትም አለ። ወጥ ያልነካው ትሪ ግን በቤቱ ውስጥ አንድ ብቻ ተገኘ። እሱን መሀል አስቀመጡት፤ ለሁለት የሚከፍለው ነገር ስላልነበረ ሁሉም ወንበሩን እየጎተተ ዙሪያውን ከበበው። ጋሼ አንዱን እንቁላል በከዘራቸው እጀታ ሰበሩ። አኮ በጥርሳቸው። አዳን ለጋሼ ጨው አቀበለ፤ ጋሼ ተቀበሉ፤ ትንሽ ቆይተውም "የመኪናህ ጎማ ስንት ነው?" ብለው ጠየቁት። አዳን "አሥር" አለ። "ብዙ ነው" አሉ።

መክብብን ማንም ተቀመጥ አላለውም። ሲሰድቡት ግን አልሰለቹም። አንዱ የልጅነቱን ይጀምራል፣ ሚሚ ታርማለች፣ አኮ ይፈርዳሉ። አኮ አንድ ጊዜ ራሳቸውም ሰርግ ተሳስተው የሌላ ሙሽራ መርቀው መምጣታቸውን ተናገሩ፤ ጋሼ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃቸው የማያውቁት ሰው ለቅሶ ላይ ሦስት ቀን መቀመጣቸውን። እየሳቁ ነው እየተቆጡ ነው? መክብብ ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ ፊት ያያል፤ አይገባውም። ተበላሽቷል እንዳይል ይበላሉ፤ ተሳክቷል እንዳይል የሚበሉት የነገ ቁርስ ነው።

ወጡን ሉሲ ከቤተ ክርስቲያኗ ስምንት ሰው ጠርታ ጓሮ ውስጥ አስጨረሰችው፤ ጉዮም "የፍየሎቹ ዘመድ ነኝ" ብሎ ከሁለቱም ድስት እኩል በላ።

ዐሥር ሰዓት ሲሆን ጋሼ ተነሡ። መክብብ ሊሸኛቸው ቀደመ። "አንተ እዚያው ሁን" አሉት። "መንገዱንም ታደናግረዋለህ።" ሚሚ ተነሥታ ከኋላቸው ወጣች። መክብብ በሩ ላይ ቀርቶ ከሩቅ አያቸው። ነፋሱ የሁለቱንም ነጠላና ሻሽ ወደ አንድ በኩል ያዘነብላል። ጋሼ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ቆሙ፤ ወደ ኢሲዮሎ የሚወስደውን አስፋልት አዩ።

"እዚያ ኔትዎርክ አለ?"

"አለ ጋሼ።"

"እኔ አልደውልም።"

"እሺ ጋሼ።"

"የስልክ ነገር አይሆንልኝም። ቁልፉ ትንንሽ ነው።" ከዘራቸውን አነሡ። "አንቺ ደውዪ።"

ሄዱ። ሚሚ እዚያው መንገድ መሀል ቁጭ ብላ ሻሿን ፊቷ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። መክብብ ሮጦ ደረሰ። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች መለየት አቃተው፤ ጎንበስ ብሎ ለማየት ሞከረ፣ አላሳየችውም።

"ሚሚዬ" አለ። "ንገሪኝ እስቲ። ጥሩ ነው የሆነው፣ መጥፎ ነው የሆነው?"

ሚሚ ከሻሹ ውስጥ እጇን አውጥታ እግሩን መታችው። የመታችው በደስታ ነው በንዴት፣ እሱንም አልነገረችውም።